ኮሚት ወላጁን ያውቃል፤ ልጁን አያውቅም

በጊት (የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ በሚይዝ ፕሮግራም) የተመዘገበ የሥራ ታሪክን በብራውዘር ስለ መሳል ከአንባቢያን ለደረሱን ጥያቄዎች ከጎንደር የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ጎንደር የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አራት ሆነን ለጥምቀት ወደ ከተማችን ለሚመጡ እንግዶች መመሪያ የሚሆን ድረ ገጽ እየሠራን ነው፤ ታቦታቱ ከየት እንደሚነሡ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በየት እንደሚኬድ፣ ማደሪያና ሕክምና የት እንዳለ የሚያሳይ። አማካሪያችን ማን ምን እንደ ሠራ ከጊት ታሪካችን ማየት ስለ ፈለጉ እኔ በጃቫስክሪፕት ልስለው ብዬ ጀመርኩ። ኮሚቶቹን (በጊት የተመዘገቡትን ለውጦች) በቀናቸው ደረደርኩ፣ ለእያንዳንዳችንም አንድ አንድ ዓምድ ሰጠሁ። ነጥቦቹን በመስመር ሳገናኛቸው ግን አንዳንዱ መስመር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንዳንዱም በማይመለከተው ነጥብ ላይ ያልፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራችሁ ደስ ብሎኛል፤ በጥምቀት ሰሞን ፒያሳ ላይ ቆሞ መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ብዙ አያለሁና መመሪያው ያስፈልጋል።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። መስመር ከመሳልሽ በፊት እያንዳንዱ ኮሚት ሁለት ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ከላይ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቆምና ከግራ ስንተኛው ዓምድ ላይ እንደሚቆም። አንቺ ረድፉን ከቀኑ፣ ዓምዱን ከሠሪው ወስደሻል። ሁለቱም ከወላጅና ልጅ (ከቀዳሚና ተከታይ ኮሚት) ዝምድና መውጣት ነበረባቸው፤ ስዕሉን ያበላሸው ይኸው ነው።

ጊት በ1997 ዓ.ም. በሊነስ ቶርቫልድስ እጅ ሲወለድ ጀምሮ ኮሚት ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ጥቂት ነው፦ የፋይሎቹ ሁኔታ፣ የጻፈው ሰው፣ ያስገባው ሰው፣ ሰዓቱ፣ መልእክቱ፣ እና የወላጆቹ መለያ። መለያው ብዙ ጊዜ የምናየው 40 ፊደልና አሃዝ ያለው ረጅም ጽሑፍ ነው። የእኛ ሰው ስሙ ሲጻፍ የአባቱን ስም አስከትሎ ይጻፋል፤ አባትየው ስም ላይ ግን የልጁ ስም የለም። ኮሚትም እንዲሁ ነው፤ ወላጁን ይጠራል፣ ልጁን አያውቅም። የመጀመሪያው ኮሚት ወላጅ የለውም፣ ተራው አንድ ወላጅ አለው፣ መርጅ (የተለያዩ መንገዶችን የሚያገናኝ ኮሚት) ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይኖሩታል። ከኮሚቱ ውስጥ የሌለውን ነገርም ልብ በይ፦ የብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ስም የለም። ብራንች አንድ ኮሚት ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ነው፤ ነገ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ከነጭራሹም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ዓምድ የካርታው ብራንች ነው» ብሎ ከታሪኩ ውስጥ በእርግጠኝነት ማውጣት አይቻልም። ዓምዱን የምንሰጠው እኛ ነን።

ቀኑ ደግሞ ለምን እንደሚያሳስት ልንገርሽ። ጊት የኮምፒውተሩን ሰዓት ተቀብሎ ይጽፋል፤ ልክ ነው አይደለም ብሎ አይመረምርም። የእናት ሰሌዳው ባትሪ የሞተ ዴስክቶፕ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከዓመታት በፊት ወደ ነበረ ቀን ይመለሳል፣ ባለቤቱም ሳያስተውል ይሠራበታል። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ብለው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የተሠራ ኮሚት ከጓደኛው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይመዘገባል፣ ልጅ ከወላጁ በፊት የተወለደ መስሎ ይታያል። ወደ ኋላ የሚሄዱት መስመሮችሽ ከእነዚህ ከአንዱ የመጡ ይመስለኛል። ሪቤዝ ካደረጋችሁ (ኮሚቶችን ወደ ሌላ መነሻ አዛውራችሁ እንደ አዲስ ካስገባችሁ) ደግሞ የተጻፈበትና የገባበት ሰዓት ይለያያሉ፤ የትኛውን እንደ ወሰድሽም ተመልከቺ።

ረድፉን ጊት ራሱ ይደርድርልሽ። ጊት ሎግን (ታሪኩን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ) ቶፖ ኦርደር ከሚለው አማራጭ ጋር ብታዢው ልጆቹ ሁሉ ሳይወጡ ወላጅ አይወጣም፤ የአንድ መንገድ ኮሚቶችም ከሌላው ጋር ሳይቀላቀሉ ተከታትለው ይመጣሉ። የአወጣጡን ቅርጽ በፐርሰንት ትልቁ ኤች (የኮሚቱ መለያ) እና በፐርሰንት ትልቁ ፒ (የወላጆቹ መለያ) አዘጋጂው፤ ሁሉንም ብራንች እንዲያካትት ኦል የሚለውንም ጨምሪ። ብራውዘር የጊትን ማኅደር ከዲስክሽ ላይ በራሱ ገብቶ አያነብምና ይህን ውጤት ወደ ፋይል አውጪው። ገጹን በድርብ ክሊክ ከፍተሽ ዳታውን በጄሰን ፋይል አድርገሽ በፌች (ፋይል በሚጠራው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ልታነቢ ብትሞክሪ ክሮም እምቢ ይልሻል። ዳታውን የጃቫስክሪፕት ተለዋዋጭ አድርገሽ በሌላ ስክሪፕት ፋይል ብታስገቢው ግን ሰርቨርም ኢንተርኔትም ሳያስፈልግ ይሠራል።

አሁን ዓምዱ። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ባዶ ዝርዝር ያዢ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ዓምድ ነው፣ በውስጡም «የምጠብቀው ኮሚት ይህ ነው» የሚል መለያ ይቀመጣል። ከላይ ወደ ታች እየወረድሽ ለእያንዳንዱ ኮሚት እንዲህ ጠይቂ፦ የሚጠብቀው ዓምድ አለ? ከሌለ የብራንች ጫፍ ነውና የመጀመሪያውን ክፍት ቦታ ይያዝ። አንድ ካለ እዚያው ይቀመጥ። ከአንድ በላይ ከሆኑ በግራ ጫፍ ባለው ይቀመጥ፣ የቀሩት ወደ እሱ ታጥፈው ይዘጉ። ከተቀመጠ በኋላ ዓምዱን ለመጀመሪያ ወላጁ ያውርስ። ሁለተኛ ወላጅ ካለው፣ ያንን ወላጅ የሚጠብቅ ዓምድ አስቀድሞ ካለ መስመሩ ወደዚያ ይሂድ፤ ከሌለ አዲስ ዓምድ ይከፈትለት። ወላጅ ከሌለው ዓምዱ ይለቀቅ።

በስድስት ኮሚት እንየው። ሀ የመጀመሪያው ነው፤ ለ የሀ ልጅ። ከለ ሁለት መንገድ ወጣ፦ በአንዱ ሐ፣ ከሐም ሠ፤ በሌላው መ። በመጨረሻ ረ መርጅ ሆኖ መን በመጀመሪያ፣ ሠን በሁለተኛ ወላጅነት ያዘ። ጊት ረ፣ ሠ፣ ሐ፣ መ፣ ለ፣ ሀ ብሎ ሰጠሽ እንበል። ረን የሚጠብቅ የለም፤ ዓምድ 1 ይይዛል። ዓምድ 1 መን መጠበቅ ይጀምራል፣ ለሠ ዓምድ 2 ይከፈታል። ሠ በ2 ተቀምጦ ቦታውን ለሐ ያወርሳል፤ ሐም በ2 ተቀምጦ ለለ። መ በ1 ይቀመጥና እሱም ለለ ያወርሳል። ለ ሲመጣ ሁለቱም ዓምዶች እሱን እየጠበቁ ናቸው፤ በ1 ይቀመጣል፣ 2 ታጥፎ ይዘጋል። ሀ በ1 ተቀምጦ ያበቃል። ወረቀት ላይ ሣዪው፤ ኮድ ከመጻፍሽ በፊት እጅሽ ይልመደው።

የመጀመሪያ ወላጅ ለምን ቅድሚያ አገኘ? መርጅ ሲደረግ መጀመሪያ የሚጻፈው ሠሪው ቆሞበት የነበረው ብራንች ስለሆነ ነው። እሱን ስትከተዪ ዋናው መንገድ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የአንባቢም ዓይን የሚያርፍበት ያገኛል።

በማይመለከተው ነጥብ ላይ የሚያልፈው መስመር የሚድነው መታጠፊያውን በትክክለኛው ቦታ በማድረግ ነው። ከመርጅ ወደ ሁለተኛ ወላጁ የሚሄድ መስመር ወዲያው ከልጁ ሥር ይታጠፍ፣ ከዚያ በአዲሱ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ከቅርንጫፍ ወደ ተነሣበት ወላጅ የሚመለስ መስመር ግን በራሱ ዓምድ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይውረድና ከወላጁ ራስጌ ይታጠፍ። በምሳሌያችን ከሐ ወደ ለ የሚሄደው መስመር ቶሎ ቢታጠፍ በመ ላይ ባለፈ ነበር። ሁልጊዜ በአንድ ረድፍ ከፍታ ውስጥ ብቻ አጥፊው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በሰያፍ የተጎተተ ረጅም መስመር ስዕሉን ሁሉ ያጨልመዋል።

የቀረው እጅ ሥራ ነው። ረድፉን በ28፣ ዓምዱን በ16 ፒክስል አባዢ፣ ነጥቡን በ5 ፒክስል ራዲየስ አድርጊ። ለመታጠፊያው በኤስቪጂ (በብራውዘር ውስጥ ቅርጽ መሳያ ቋንቋ) ፓዝ (መስመር) ውስጥ ሲ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሚ፤ ሁለቱን መቆጣጠሪያ ነጥቦች በከፍታው መሃል ብታደርጊያቸው ኩርባው ለስላሳ ይወጣል። ኤስቪጂ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለሚሳል መስመሮቹን አስቀድሚ፣ ነጥቦቹን አስከትዪ። ክቡንም ፓዙንም የምትፈጥሪው በክሪኤት ኤለመንት ኤንኤስ ነው። በተራው ክሪኤት ኤለመንት ከፈጠርሽው ስሕተት ሳይነግርሽ ስክሪኑ ላይ ሳይታይ ይቀራል፤ ብዙ ተማሪ ምሽቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙን ለዓምድ ስጪ፤ ነገር ግን ጽሑፋችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ሊታተም ስለሚችል ያለ ቀለምም የሚነበብ ይሁን።

አማካሪሽ «ማን ምን ሠራ» ስላሉት አንድ ነገር ከልቤ ልንገርሽ። ይህ ስዕል ሥራው በምን መንገድ እንደ ሄደና የት እንደ ተገናኘ በታማኝነት ያሳያል። የድካም መጠን ግን አያሳይም። አንዷ የታቦታቱን ዝርዝር ከየአድባራቱ ጠይቃ ለማሰባሰብ ሳምንት ፈጅታ በአንድ ኮሚት ታስገባለች፤ ሌላው የአዝራር ቀለም በአሥር ኮሚት ይለውጣል። ነጥብ ቆጥረው ማርክ እንዳይሰጡ ይህን አስቀድመሽ አስረጂያቸው፤ ስዕሉን ስታቀርቢም የየኮሚቱ መልእክት ከጎኑ ይነበብ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። በፕሮግራመርነት የምሠራበት ድርጅት የኮድ ማከማቻ ከ10,000 በላይ ኮሚት አለው። በኤስቪጂ ሳልኩት፤ ገጹ ለመከፈት ይዘገያል፣ ሲንሸራተትም ይንቀራፈፋል። ወደ ካንቫስ ልዙር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አትዙር። ኤስቪጂ እያንዳንዱን ነጥብ፣ መስመርና ጽሑፍ በገጹ መዋቅር ውስጥ ራሱን የቻለ አካል አድርጎ ይይዛል፤ አሥር ሺህ ኮሚት ቢያንስ ሠላሳ ሺህ አካል ነው። ላፕቶፕህ የደከመው በዚህ ብዛት ነው። ተመልካቹ ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው ስንት ነው? የረድፍህ ከፍታ 28 ፒክስል፣ የመስኮቱ ከፍታ 700 ከሆነ 25 ረድፍ ብቻ። እነሱንና ከላይ ከታች ጥቂት ትርፍ ሳል፤ ሲንሸራተት የወጡትን አንሥተህ የገቡትን ጨምር። ለማንሸራተቻው ሙሉ ከፍታ ያለው ባዶ ዲቭ (የኤችቲኤምኤል ሳጥን) ይበቃል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ረድፍ 40 ላይ ተነሥቶ ረድፍ 6,000 ላይ የሚያርፍ መስመር አለ እንበል። አንተ ረድፍ 3,000 አካባቢ ስትሆን ሁለቱም ጫፎቹ አይታዩም፤ መሃሉ ግን መታየት አለበት። ስለዚህ ዓምድ በምታሰላበት ጊዜ በየረድፉ የሚያልፉትን ቁራጭ መስመሮች አብረህ መዝግብ፤ ከየትኛው ዓምድ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ረድፍ የሌላውን ሳይጠይቅ ራሱን ይስላል። ስሌቱ ራሱ ለአሥር ሺህ ኮሚት ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም፤ አንድ ጊዜ ሠርተህ አስቀምጠው።

ይህን አድርገህም ካልበቃህ ካንቫስ ይረዳል። ካንቫስ ፒክስል ቀብቶ ይረሳል፣ ምንም አካል አይዝም። በዚያው ልክ ኤስቪጂ በነጻ የሰጠህን ነገሮች አንተ መሥራት ይኖርብሃል። የተጫነውን ኮሚት ለማወቅ የመዳፊቱን ከፍታ ለረድፉ ከፍታ ታካፍላለህ። ስዕሉ በስልክ ላይ እንዳይደበዝዝ ስፋቱንና ቁመቱን በዲቫይስ ፒክስል ሬሾ (የስክሪኑን የፒክስል ጥግግት በሚነግረው ቁጥር) ታባዛለህ። አንድ ረጅም ካንቫስ ሠርተህ ልገላገል እንዳትል ደግሞ 10,000 በ28 ሲባዛ 280,000 ፒክስል ነው፤ ብራውዘሮች ይህን ያህል ቁመት አይፈቅዱም። ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብ ሶፍትዌርም በካንቫስ ላይ የተቀባውን አያገኘውም። እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ ኤስቪጂን የማልለቀው ከሁሉ በላይ በዚህኛው ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ከጎንደር። ተማሪዎቼን ጊት ሳስተምር መልእክታቸውን በአማርኛ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። በብራውዘር ስናሳየው ሁለት ነገር አስቸገረን፦ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጆች ይወጣል፣ መልእክቱም መሃል ላይ ተቆርጦ የማይነበብ ምልክት ይከተለዋል። መፍትሔ ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ በአማርኛ እንዲጽፉ ማድረግዎን እጅግ አከብራለሁ። ልጅ ያደረገውን በራሱ ቋንቋ ሲጽፍ ምን እንዳደረገ ያስባል።

ቀኑን ጃቫስክሪፕት ራሱ ይቀይርልዎታል። ኢንትል ዴት ታይም ፎርማት የሚባለውን ይጥሩ፤ ቋንቋውን አማርኛ፣ ካሌንደር የሚለውን አማራጭ ኢትዮፒክ፣ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ አዲስ አበባ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የተሠራ ኮሚት መስከረም 1 ቀን 2017 ሆኖ ይወጣል። ጊት ጊዜን የሚያስቀምጠው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ግን የሚፈልገው ሚሊሰከንድ ነውና በ1,000 ያባዙት። የተማሪዎችዎ ኮሚት ሁሉ ጥር 1962 ላይ ከወደቀ ይህ ማባዛት ተረስቷል ማለት ነው።

ሰዓቱን ግን የቀን መቁጠሪያው አይቀይረውም። የአዲስ አበባን ሰዓት በ24 አቆጣጠር ይውሰዱ፣ 6 ይደምሩ፣ ለ12 ያካፍሉና ቀሪውን ይያዙ፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ነው። 8 ሰዓት ላይ 6 ሲደመር 14፣ ቀሪው 2፤ ጠዋት 2 ሰዓት። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ከ24ቱ ቁጥር ተነሥተው ራስዎ ይጻፉት። ይህ ለማሳያ ብቻ ነው፤ የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች ራሳቸው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሞሉ። ምክንያቱን ከላይ ለተማሪዋ በሰጠሁት መልስ ያገኙታል።

መልእክቱ የሚቆረጠው በባይት ስለሚቆጠር ይመስለኛል። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ይይዛል፤ በ50ኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ፕሮግራም በመሃል ባዶ ቦታ ከሌለ 17ኛውን ፊደል ሁለት ሦስተኛው ላይ ይሰነጥቀዋል፣ ያ የማይነበብ ምልክት የተሰነጠቀው ፊደል ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጠር መቁረጡን እዚያ ያድርጉት። ከዚህ የሚሻለው ጭራሽ አለመቁረጥ ነው። ነጥቡንና መስመሩን በኤስቪጂ ይሳሉ፤ ጽሑፉን ግን ከጎኑ በተራ ኤችቲኤምኤል፣ በእኩል የረድፍ ከፍታ ያስቀምጡት። ቦታ ሲጠብ ሲኤስኤስ ራሱ ሦስት ነጥብ አድርጎ ያሳጥረዋል፤ ሙሉው መልእክት ግን እዚያው አለ፣ ተማሪው መርጦ ሊቀዳው፣ በብራውዘሩ መፈለጊያም ሊያገኘው ይችላል። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ለመልእክቱ የሚተዉት ስፋትም በርከት ይበል። በአማርኛ የተሰየመ የፋይል ስም ጊት ውስጥ በቁጥር ተሞልቶ ከታየዎት ደግሞ ኮር ኮት ፓዝ የሚለውን ቅንብር ፎልስ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ከምጽፍ ዝግጁ ላይብረሪ ባወርድ አይሻልም? ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥብኝ አንድ ጊዜ አውርጄ ልገላገል ብዬ ነው። የኮሌጅ ተማሪ፣ ጎንደር።

መልስ፦ ለምን እንደ ፈለግኸው ይወስነዋል። ለማስተማሪያ ወይም ለሪፖርት የሚሆን ትንሽ ምሳሌ ከሆነ መርሜድ ጥሩ ነው፤ ጊት ግራፍ በሚለው ዓይነቱ ኮሚት፣ ብራንች፣ መርጅ እያልክ በጽሑፍ ስትነግረው ስዕሉን ያወጣል። እውነተኛውን የሥራህን ታሪክ ማሳየት ከፈለግህ ግን ዓምድ መስጠቱን ራስህ ጻፈው፤ ከመቶ መስመር ኮድ አይበልጥም፣ ሲበላሽም የት እንደ ተበላሸ ታውቃለህ። ዲ3 የተባለው ሌላ የስዕል ላይብረሪ ለማሳነሻ፣ ለማጉያና ለእንቅስቃሴ ያግዛል፤ ኮሚትህን የትኛው ዓምድ ላይ እንደሚያቆም ግን አይነግርህም። የትኛውንም ብትመርጥ ፋይሉን ከሲዲኤን (በየጊዜው ከኢንተርኔት ከሚጫን) ሊንክ አታስገባው፤ አውርደህ ከፕሮጀክትህ ማኅደር ውስጥ አኑረው፣ ኮሚትም አድርገው። ካወረድክ በኋላ ዋይፋዩን አጥፍተህ ገጹን እንደ አዲስ ክፈት። ከተከፈተ ለፈታኞች በምታቀርብበት ቀን ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል።